ከሕፃናት ሐኪም ወደ አዋቂዎች ክሊኒክ
ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ ነው። ሲክል ሴል የተባለው የደም ሕመም ያለበት ልጄ 18 ዓመት ሊሞላው ስለሆነ ወደ አዋቂዎች ክሊኒክ ይዛወራል። ሕመሙ በየጊዜው ከባድ ሥቃይ ሲያስነሣበት አዲሶቹ ሐኪሞች እንዳያምኑት እሰጋለሁ፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህታችን፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ከዝውውሩ በኋላ ያሉት ዓመታት ለእነዚህ ወጣቶች አደገኛ መሆናቸው በጥናት ታይቷል። መተማመን በአንድ ቀጠሮ አይገነባምና፣ ልጅዎ ከቀድሞው ሐኪም ሳይለይ አዲሱን ይተዋወቅ፤ የትኛው ማስታገሻ በምን መጠን እንደሚረዳውም በጽሑፍ ይያዝ። የአሜሪካ የደም ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ፣ በሲክል ሴል ከባድ ሥቃይ ድንገተኛ ክፍል የደረሰ ታካሚ በ1 ሰዓት ውስጥ ማስታገሻ እንዲያገኝ ስለሚመክር፣ ልጅዎ ይህን ያለ ፍርሃት ይጠይቅ። በክሊኒኩም እርስዎ አጠገቡ ሆነው ንግግሩን ለእሱ ይተዉለት። ሥቃዩ እንዳይመላለስ የሚረዳውን ሃይድሮክሲዩሪያ የሚወስድ ከሆነ መድኃኒቱ በመካከል እንዳይቋረጥ ማዘዣው አስቀድሞ ይታደስ።