መሣሪያው እዚህ ከሌለ ሙያው ምን ያደርግልኛል? ለሱሉልታዋ ተመራቂ የተሰጠ መልስ

ከሱሉልታ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። በዕፅዋት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪሽን ይዘሻል። መምህርሽ ለሁለተኛ ዲግሪ ባሕር ዛፍና ጥድ በበጋ ወራት ውኃቸውን ከምን ያህል ጥልቀት እንደሚስቡ በአይሶቶፕ (የአንድን ንጥረ ነገር ቀላልና ከባድ ዓይነቶች በመለካት) እንድታጠኚ ሐሳብ አቅርበውልሻል። አባትሽ አጣና ይነግዳሉ፤ እናትሽ የባንክ የቅጥር ፈተና እንድትወስጂ አጥብቀው ይጠይቃሉ፤ ሁለት ታናናሾችሽ ገና ትምህርት ላይ ናቸው። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀሽ ግን ይህ ነው፦ «ናሙናውን የሚለካው መሣሪያ በዩኒቨርሲቲያችን የለም። ተምሬ ብጨርስ ያለ መሣሪያ ምን ሥራ ይኖረኛል?»

በዚህ ጥያቄ ምክንያት ጎበዝ ልጆች ተስፋ ቆርጠው ሲሄዱ አይቻለሁ። ስለዚህ ሌላውን በአጭሩ አልፌ እዚህ ላይ እቆያለሁ።

የዚህ ጥናት አብዛኛው ሙያ የሚፈጸመው ከዛፉ ሥር ነው። በውኃ ውስጥ ካለው ኦክስጅን ከሺህ ሁለት ያህሉ ከባዱ ኦክስጅን 18 ነው፤ ከባዱ ሃይድሮጅን፣ ዲዩቴሪየም፣ ከአሥር ሺህ ሁለት እንኳ አይሞላም። ውኃ ሲተን ቀላሉ ቀድሞ ይሄዳል፣ ከባዱ ወደ ኋላ ይቀራል። በጥርና በየካቲት ፀሐይ የመታው የላይኛው አፈር ውኃ የሚከብደው ለዚህ ነው፤ ከታች ያለው ግን የመጣበትን ዝናብ ምልክት ይዞ ይቆያል። ሥር ውኃ ሲስብ ይህን ምልክት በአብዛኛው አይለውጠውም። ንብ አርቢ ማሩን ቀምሶ ንቦቹ የየትኛውን አበባ እንደቀሰሙ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ ከግንዱ የተገኘው ውኃም ከየትኛው የአፈር ንጣፍ እንደመጣ ይናገራል።

ይህ ሁሉ ግን ናሙናው በትክክል ከተወሰደ ነው። ቅጠል ራሱ ውኃ ስለሚያተን በውስጡ ያለው ውኃ ይከብዳል፤ አረንጓዴ ለጋ ቀንበጥ ቆርጦ የመጣ ተማሪ ሥሩ የሳበውን ሳይሆን ፀሐይ የለወጠውን ውኃ ይዞ ይመጣል። መቆረጥ ያለበት ጠንክሮ ቅርፊት ያወጣ ቅርንጫፍ ነው፤ ቅርፊቱ ወዲያው ተልጦ እንጨቱ ብልቃጥ ውስጥ ይገባል፣ ክዳኑ ይጠብቃል፣ በረዶ ላይ ይቀመጣል። አፈሩም በዚያው ቀን ከተለያየ ጥልቀት ይወሰዳል። ዝናቡ ከሚጠራቀምበት ዕቃ እንዳይተን ፓራፊን ዘይት ከላይ ይደረግበታል። ክዳኑ ላልቶ በመንገድ ላይ የተነነን ናሙና በዓለም ላይ ያለ የትኛውም ላቦራቶሪ አያድነውም።

ውኃው አንዴ ከእንጨቱና ከአፈሩ ከወጣ በኋላ ነገሩ ይቀላል። ማውጫው እንጨቱን አየሩ በተሳበ ዕቃ ውስጥ አሙቆ እንፋሎቱን በፈሳሽ ናይትሮጂን የሚያቀዘቅዝ የመስታወት ቱቦ፣ ፓምፕና ማሞቂያ ነው፤ መምህርሽ ከኬሚስትሪና ከፊዚክስ ክፍሎች ጋር ቢነጋገሩ ሊታሰብበት የሚችል ነገር ነው። ከዚያ ለመለኪያው ሁለት ሚሊ ሊትር እንኳ ይበቃል። በደንብ የተዘጋ ትንሽ ብልቃጥ ወደፈለግሽው አገር ይላካል፤ ሀብታም አገሮች ያሉ ተመራማሪዎችም ናሙናቸውን ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ልከው ያስለካሉ። ስትልኪ ግን ውኃው ከዕፅዋት የወጣ መሆኑን ጻፊ፤ ከእንጨቱ አብረው የሚወጡ እንደ ሜታኖል ያሉ ነገሮች የሌዘር መለኪያውን ያሳስቱታል። ዲዩቴሪየም በአንዳንድ ዛፎች ከአፈሩ ውኃ ጋር የማይገጥምበት ሁኔታ እንዳለና ጥፋቱ የዛፉ ነው ወይስ የማውጫው ዘዴ በሚለው ላይ ተመራማሪዎች እንደሚከራከሩም እወቂ። የጥናት ዕቅድሽን ከመጻፍሽ በፊት ይህን ክርክር አንብቢ።

ሌላው ሰው የማይነግርሽ ነገር፣ አንቺ የምትጀምሪው ከባዶ አይደለም። ቪየና የሚገኘው ዓለም አቀፍ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ጋር የዝናብን አይሶቶፕ የሚከታተል መረብ አለው፤ የአዲስ አበባ ዝናብ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ በዚያ መዝገብ ውስጥ አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ሳለ ዝናቧ ለከፍታዋ ከሚጠበቀው በላይ ከባዱ አይሶቶፕ የበዛበት ሆኖ መገኘቱ ብዙ ሊቃውንትን ያነጋገረ ጉዳይ ነው። ለአንቺ የሚበጀው ደግሞ የበልጉና የክረምቱ ዝናብ ምልክት የተለያየ መሆኑ ነው፤ የበልጉ ይከብዳል፣ የክረምቱ ይቀልላል። በየካቲት የቆመ ጥድ የሚጠጣው ያለፈውን ክረምት ውኃ ነው ወይስ በቅርብ የጣለውን? ይህን ጥያቄ በእንጦጦና በመናገሻ ሱባ ዛፎች ላይ ለመጠየቅ ከአንቺ የተሻለ ቅርበት ያለው ማን ነው?

ሥራውን በተመለከተ የምነግርሽ የኖርኩበትን ነው። ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት የሥራ ዘመኔን በብዛት ያሳለፍኩት በከርሰ ምድር ውኃ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ባሻገር በአቃቂ በኩል ከሚቆፈሩ ጉድጓዶች ትጠጣለች። ያ ውኃ በየትኛው ዝናብ፣ በየት በኩል እንደሚተካ የሚጠየቀው አንቺ ዛፉን በምትጠይቂበት በዚሁ ዘዴ ነው። ዝናብ፣ አፈር፣ ምንጭና ጉድጓድ ላይ ናሙና መውሰድ የምትችልና ውጤቱን ማንበብ የምታውቅ ባለሙያ ለውኃ መሥሪያ ቤት፣ ለመስኖ ፕሮጀክት፣ እንደ ሆለታው ላለ የግብርና ምርምር ማዕከልም ትጠቅማለች። ስለዚህ ራስሽን «የባሕር ዛፍ ተመራማሪ» ብቻ ብለሽ አትጥሪ፤ የሃይድሮሎጂ ኮርስ ጨምሪ። ውጭ አገር ሦስተኛ ዲግሪ ካላገኘሁ አለቀልኝ የሚለውን ሐሳብ እኔ አልቀበለውም።

አባትሽ «በእንጀራችን ላይ ልታጠኚ ነው ወይ?» ማለታቸውን ጽፈሻል። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ባሕር ዛፍ ውኃ አድራቂ ነው የሚለውን ወቀሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰምተዋል። ግን አይሶቶፕ የሚናገረው ውኃው ከየት እንደመጣ ነው፤ ምን ያህል እንደተጠጣ አይናገርም። ያንን ለማወቅ በግንዱ ውስጥ የሚያልፈውን ፍሰት የሚለካ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ይህን ለአባትሽም ለራስሽም ግልጽ አድርጊ፤ «ባሕር ዛፍ ውኃችንን ጨረሰ» ብለሽ በአይሶቶፕ ብቻ ከደመደምሽ ፈታኞችሽ ይጥሉሻል፣ ተገቢም ነው። በ1991 (እ.ኤ.አ.) ዳውሰንና ኤለሪንገር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ዩታ ወንዝ ዳር የቆሙ ትልልቅ ዛፎች የወንዙን ውኃ ሳይሆን ከታች ያለውን ጥልቅ ውኃ እንደሚጠጡ አሳይተዋል። ሰው በዓይኑ አይቶ የገመተው ተሳስቶ ነበር፤ የአባትሽን ዛፍ በተመለከተም ውጤቱ ወዴት እንደሚያጋድል አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ጉቶ ሲነቀል ሥሩ እስከ ምን ድረስ እንደሚወርድ እሳቸው ያውቃሉ። ጠይቂያቸው፣ ከመሬታቸውም ናሙና ለመውሰድ ፈቃድ ለምኚ።

አሁን ገንዘቡ። እናትሽን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ታናናሾችሽን ማስተማር የወላጆችሽ ኃላፊነት ነው። አንቺ ታግዣለሽ እንጂ መላ ሕይወትሽን በመያዣነት አታስይዢም። «ባንክ ገብተሽ በማታ ትማሪያለሽ» የሚሉሽ ደግሞ ይህን ሥራ አያውቁትም። ቅርንጫፍ የሚቆረጠው በሥራ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የጥር ፀሐይ አናት ላይ ሳለ ነው፤ የትኛውም የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ለዚያ ፈቃድ አይሰጥሽም። በሌላ በኩል ያለ ምንም ገቢ በራስሽ ወጪ እንድትጀምሪ አልመክርሽም፤ ረሃብ ላይ ያለች ተማሪ ናሙና ትዘላለች። የምርምር ተቋማትንና የዩኒቨርሲቲዎችን የጀማሪ ተመራማሪና የረዳት ምሩቅነት ማስታወቂያ ተከታተይ፤ ደመወዝ እየከፈሉ የሚያስተምሩ አሉ። በምላሹ የአገልግሎት ዓመታት ግዴታ ያስፈርማሉ፤ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት አንዱንም አንቀጽ ሳትዘይ አንብቢው። የባንኩንም ፈተና ውሰጂ፤ ምርጫ በእጅሽ ቢኖር አይጎዳሽም።

ጎረቤት «ጨረር ነው፣ ትመክኛለሽ» ያለሽን እርሺው፤ ኦክስጅን 18ም ዲዩቴሪየምም ጨረር አያመነጩም፣ ዛሬ በጠጣሽው ውኃ ውስጥም አሉ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ያልሽውም በሳምንት አንድ ጽሑፍ በጥንቃቄ በማንበብ ይሻሻላል።

መምህርሽን በዚህ ሳምንት ሂጂና አግኚያቸው፤ ናሙናው የት እንደሚለካና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይንገሩሽ። ለዚህ መልስ ከሌላቸው ርዕሱን አትቀበዪ። መልስ ካላቸው ምዝገባውን ሳትጠብቂ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የዝናብ ማጠራቀሚያ በግቢያችሁ አስቀምጪ፤ አፈ ሰፊ ማፍሰሻ (ፈነል)፣ ጠርሙስና ትንሽ ፓራፊን ዘይት ይበቃሻል፣ የወሩንም ውኃ በወሩ መጨረሻ ቀን ቀድተሽ ቀኑን ጽፈሽ ዝጊው።