ለ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ከየት ልጀምር ላልከው

ወንድሜ፣ ሰዋስው፣ ቃላትና አነባበብ ተደራርቦብኛል፣ ከየቱ ልጀምር ብለሃል። እኔ ከሰዋስው ጀምር እልሃለሁ፤ ከዚያም ውስጥ ከኮንዲሽናል፣ ማለትም «እንዲህ ቢሆን እንዲህ ይሆን ነበር» ከሚለው የ«ኢፍ» ዓረፍተ ነገር። ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ጋ ነው። እኛ «ባውቅ ኖሮ እነግርህ ነበር» ስንል የአሁኑንም ያለፈውንም ማለታችን ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። ለአሁኑ «ኢፍ አይ ኒው፣ አይ ውድ ቴል ዩ»፤ ላለፈው ደግሞ «ኢፍ አይ ሃድ ኖውን፣ አይ ውድ ሃቭ ቶልድ ዩ»። «ኢፍ» ተትቶ «ሃድ አይ ኖውን» ብሎ ቢጀምርም ትርጉሙ ያው ነው፣ እንዳትደናገጥ።

ቃላትን በነጠላ አትሸምድድ፣ እባክህ። ከመማሪያ መጽሐፍህ ምንባብ ከነዓረፍተ ነገሩ ገልብጠው። «ዲፔንድ» ብቻ ሳይሆን «ዲፔንድ ኦን» ብለህ ያዝ፤ «ዲፔንድ ፍሮም» የሚል ምርጫ ቢመጣ ወዲያው ይጎረብጥሃል።

አነባበቡ ብዙ አያስጨንቅህ፣ ፈተናው በምርጫ ነው። ግን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ምንባቡን ጮክ ብለህ አንብብ። «ስፖርት»ን «እስፖርት» እንዳትል ተጠንቀቅ። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ደግሞ ሰዓት ይዘህ ሥራ። የከበደህን ጥያቄ እዚህ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።