አመሰግናለሁ፤ ደመወዜንም እፈልጋለሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ እንግሊዝኛ ከሚያስተምሩ፣ አሜሪካና ካናዳ ካደጉ ልጆቻችን የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ ስለ ምስጋና ይጠይቃሉ።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ናት። በመምህራን ቀን አንድ ተማሪዋ ኬክ ይዞላት ሲመጣ ኮሪያዊት ባልደረባዋ «መልሺለት» አለቻት። «ልጁ አንገቱን ደፋ። ምስጋና እንዴት ይመለሳል?» ትላለች።

መልስ፦ ባልደረባሽ ትክክል ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ላይ የዋለው የፀረ ሙስና ሕግ፣ ውጤት የሚሰጥ መምህር ከተማሪው ስጦታ እንዳይቀበል ይከለክላል። ትንሽ ነገር ናት ማለት አያድንም። ወላጆች ልጃቸው በመልካም ዓይን እንዲታይላቸው ለመምህር ገንዘብ በፖስታ የሚያቀብሉበት ልማድ ነበርና፣ እኔ ሕጉን እደግፈዋለሁ፤ እናቱ ኬክ መግዛት የማትችል ልጅም እዚያው ክፍል ተቀምጧል። የተማሪዎች ተወካይ በሁሉም ፊት የሚሰጠው የካርኔሽን አበባና በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ግን ይፈቀዳሉ። ቀኑ፣ ሜይ 15፣ ለኮሪያ የራሷን ፊደል የሰጣት የንጉሥ ሴጆንግ ልደት ነው። እንግዲያው ልጁ ደብዳቤ ይጻፍልሽ፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ ስህተቱን አታርሚበት።

ጥያቄ፦ የሰጡኝን በአንድ እጅ ብቀበል ነውር ነው?

መልስ፦ ነውር ነው። እናትህም ያስተማረችህ በሁለት እጅ መቀበልን ነው።

ጥያቄ፦ ቹንቾን ከተማ የሚያስተምር ወጣት፣ የሰፈሩ አዛውንት የኢትዮጵያ ልጅ መሆኑን ሲሰሙ ቆመው እጅ ነሡት። «እኔ የተወለድኩት ቶሮንቶ ነው፤ ምስጋናውን መቀበሌ ማታለል አይሆንም?» ይላል።

መልስ፦ አይሆንም። በኮሪያ ጦርነት የዘመቱት የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1951 ፑሳን ወደብ ወረዱ፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት ወደቁ፤ አንድም አልተማረከም። አዛውንቱ የሚያመሰግኗቸው ሰዎች አጠገባቸው የሉም፤ ስለዚህ አደራውን ለአንተ ሰጡ። አደራ ደግሞ ይደርሳል። ጎንጂቾን ወንዝ ዳር እ.ኤ.አ. በ1968 ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የተመረቀውን ሐውልትና እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተውን የመታሰቢያ አዳራሽ ሂደህ እይ። አዲስ አበባ ስትመጣም የአዛውንቱን ቃል ለዘማቾቹ ወይም ለልጆቻቸው ንገር።

ጥያቄ፦ ሃግዎን በሚሏቸው የግል ማጠናከሪያ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ከአንድ ዓመት በላይ ሠርቶ ለቀቀ። የመጨረሻ ወር ደመወዙና የስንብት ክፍያው እስካሁን አልተሰጠውም። ዳይሬክተሩ «ከአየር ማረፊያ ተቀበልኩህ፣ ስትታመም ሐኪም ቤት ወሰድኩህ፤ ምስጋናህ ይህ ነው?» አሉት። እናቱም በስልክ «ስንቱ ሥራ አጥቶ ተቀምጧል፤ ተመስገን ብለህ ተወው» አሉት።

መልስ፦ ይህ ደብዳቤ አናደደኝ። ዳይሬክተሩ ደግ ያደረጉልህ ነገር እውነት ነው፤ ለእሱ አመስግናቸው። ደመወዝህ ግን ላብህ ነው፤ በውለታ አይካካስም። እናትህም ተመስገን የሚሉት እግዚአብሔርን ነው እንጂ ዳይሬክተሩን አይደለም። ልጃቸው በሰው አገር ጠብ ውስጥ እንዳይገባ ፈርተው ነውና አትቆጣቸው፤ «እማዬ፣ አመስግኛለሁ፤ የሠራሁበትን ግን እጠይቃለሁ» በላቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ ከገንዘቡም በላይ ነው። ምስጋናን አፍ ማስያዣ የሚያደርግ ሰው ምስጋናን ራሱን ያበላሸዋል። አንዴ እንዲህ የተደረገበት ሰው፣ ጎረቤቱ ኪምቺ የሚሉትን የኮሪያ ምግብ ስታመጣለት እንኳ «ነገ ምን ልትጠይቀኝ ይሆን?» ማለት ይጀምራል። አንተ እዚያ እንዳትደርስ ስል ነው መብትህን ጠይቅ የምለው።

ሕጉ ግልጽ ነው። በሳምንት 15 ሰዓትና ከዚያ በላይ እየሠራ ዓመት የሞላው ሰው፣ ለእያንዳንዱ ዓመት ቢያንስ የ30 ቀን አማካይ ደመወዝ የስንብት ክፍያ ይገባዋል፤ ሥራ በለቀቀ በ14 ቀን ውስጥም ሊከፈለው ይገባል። ውልህን፣ የባንክ ማስረጃህንና የተጻጻፋችሁትን ሰብስብና የሠራተኛ ሚኒስቴሩን የምክር መስመር 1350 ደውል። ነገሩ ከተወሳሰበ ኖሙሳ የሚባሉ የሥራ ሕግ ባለሙያዎች አሉ። አደራ፣ ከአገሩ ሳትወጣ አማክራቸው፤ ከወጣህ በኋላ ከሩቅ መከራከር በጣም ይከብዳል። የጡረታ መዋጮ ስትከፍል ከነበረ ደግሞ፣ የአሜሪካ ዜጋ ከሆንክ ለቀህ ስትሄድ ጠቅልለህ መውሰድ ትችላለህ።

ጥያቄ፦ በየማታው የምታመሰግንበትን ሦስት ነገር ትጽፋለች፤ ሁልጊዜ ግን «ቡና፣ አየሩ፣ ተማሪዎቼ» ነው። ከክረምቱ ጀምሮም እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ምግብም አያሰኛትም።

መልስ፦ በሳምንት አንዴ ይበቃሻል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማከሎ እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ምስጋና ባሳተሙት የታወቀ ጥናት፣ በመጀመሪያው ሙከራ ተማሪዎቹ የጻፉት በሳምንት አንዴ ነበር። «ተማሪዎቼ» ብለሽ አትለፊው፤ ማን ምን እንዳደረገልሽ ጻፊ፦ «የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሴትዮ የአሳማ ሥጋ እንደማልበላ አስታውሳ ለብቻዬ እንቁላል ጠበሰችልኝ» ብለሽ።

እንቅልፉና ምግቡ ግን የማስታወሻ ደብተር ጉዳይ አይደለም። ይህን ያህል ከቆየ ሐኪም ሊያይሽ ይገባል፤ በዚህ ሳምንት ውስጥ ሂጂ፤ ብቻሽን ከከበደሽ ጓደኛ ይዘሽ ሂጂ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ 119 ደውዪ።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ሄጄ ማስተማር እችላለሁ?

መልስ፦ ኢ-2 የሚባለው የቋንቋ አስተማሪ ቪዛ በዋናነት የሚሰጠው ለአሜሪካ፣ ለካናዳ፣ ለእንግሊዝ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ ዜጎች ነው። ዝርዝሩን የኮሪያን ኤምባሲ ጠይቅ።