መልስ፦ ኢማክስ (የጽሑፍና የኮድ መጻፊያው ፕሮግራም) ላይ ፋይሉ ለምን ፎልደሩ ውስጥ አልገባም?

ወንድሜ፣ ጉዱ ያለው አንዲት ስላሽ (/) ላይ ነው። «ደብዳቤ» የሚለውን ፋይል ወደ «ማህደር» ፎልደር ለመውሰድ ኮድህ ውስጥ መድረሻውን «ማህደር» ብለህ ብቻ ጽፈሃል። ኢማክስ ይህን የፋይሉ አዲስ ስም አድርጎ ይወስደዋል። በዚያ ስም ፎልደር ስላለ ደግሞ ስህተት ይሰጥሃል። «ማህደር/» በለው፣ ሰተት ብሎ ይገባል።

አሮጌው ኮድህ ድሮ ይሠራ ነበር ያልከው እውነትህን ነው። ከኢማክስ ቅጂ 26.1 (እ.ኤ.አ. 2018) ወዲህ ግን ሪኔም-ፋይልም (rename-file፣ ፋይል የሚያዛውረው ትእዛዝ) ሆነ ኮፒ-ፋይል (copy-file፣ ፋይል የሚቀዳው) የመድረሻው ስም መጨረሻ ላይ ስላሽ ካላዩ ፎልደር ነው ብለው አይገምቱም። ግምቱ የደህንነት ቀዳዳ ነበረው፤ ኢማክስ «ፎልደር ነው?» ብሎ አይቶ እስኪጽፍ ባለችው ቅጽበት ሌላ ሰው ቦታውን ሊቀይረው ይችላል።

መድረሻው ከቫሪያብል (ኮዱ ውስጥ ዋጋ ከሚይዝ ስም) የሚመጣ ከሆነ በፋይል-ኔም-አዝ-ዳይሬክተሪ (file-name-as-directory) ትእዛዝ አሳልፈው። ስላሽ ከሌለ ይጨምራል፣ ካለ አይደግምም። እኔ ይሄን ሳላውቅ ሌሊቱን ሙሉ ፐርሚሽን (የፋይል ፈቃድ) ሳገላብጥ አድሬያለሁ።