ፓይለትና ተቆጣጣሪ በሬዲዮ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

በአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪነት የሠራሁ ሰው ነኝ። ስለ ሬዲዮ ንግግር የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ፓይለቱ የተነገረውን ሁሉ መልሶ መድገሙ ጊዜ ማባከን አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም፤ የሥራው እምብርት እሱ ነው። ሁሉም ነገር ግን አይደገምም። የነፋሱ ሁኔታ ሲነገር መስማቱ ይበቃል። የበረራ ፈቃድ፣ የማኮብኮቢያው ቁጥር፣ ከፍታ፣ አቅጣጫ፣ ፍጥነት፣ የአልቲሜትር (የከፍታ መለኪያው) ልክና የትራንስፖንደር (አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቀው መሣሪያ) ኮድ ግን የግድ ይደገማሉ። ሲደገም ማዳመጥ ደግሞ የተቆጣጣሪው ግዴታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይሄኛው ነው፤ ጆሮ የጠበቀውን ነገር የሰማ ይመስለዋል። በየካቲት 1989 እ.ኤ.አ. ኳላ ላምፑር አቅራቢያ ለአንድ የፍላይንግ ታይገር የጭነት አውሮፕላን “ቱ ፎር ዚሮ ዚሮ” ተባለ፤ ወደ 2,400 ጫማ ውረድ ለማለት ነበር። በእንግሊዝኛ “ቱ” ሁለትም ወደም ሊሆን ይችላል፤ ፓይለቶቹ “ወደ” ብለው ሰሟት፤ “ፎር ዚሮ ዚሮ”፣ ማለትም 400 ጫማ፣ ብለው መለሱ። ያረማቸው አልነበረም። አውሮፕላኑ ከኮረብታ ጋር ተጋጨ፤ የተሳፈሩት 4 ሰዎች ሞቱ።

ጥያቄ፦ “ሮጀር” ማለት “እሺ፣ አደርገዋለሁ” ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። “መልእክትህን በሙሉ ሰምቻለሁ” ብቻ ነው። አደርገዋለሁ ለማለት “ዊልኮ” አለ። መደገም ያለበትን ትእዛዝ በ“ሮጀር” ማለፍ አደገኛ ልማድ ነው።

ጥያቄ፦ ስልኩ ሁሉ እንዲህ ጥርት ባለበት ዘመን የአውሮፕላን ሬዲዮ ለምን ያንኑ የድሮ ኤኤም ይጠቀማል?

መልስ፦ ደስ የሚል ጥያቄ ነው! በኤፍኤም ሁለት ሰዎች እኩል ቢያወሩ ጠንካራው ሞገድ ደካማውን ይውጠዋል፤ አድማጩም ሌላ ሰው እንደተናገረ አያውቅም። በኤኤም ግን ሁለቱ ሲደራረቡ የፉጨት ድምፅ ይሰማል፤ አንድ ሰው እንደታፈነ ያን ጊዜ ታውቃለህ። ይሁን እንጂ ፉጨቱን የሰማ ሰው “ይደገም” ካላለ ጥቅም የለውም። መጋቢት 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. በስፔኗ ደሴት በተነሪፌ የሆነው ይህ ነው። የኔዘርላንዱ ኬኤልኤም አውሮፕላን ሳይፈቀድለት ለመነሳት መንደርደር ጀምሯል። ተቆጣጣሪው “ጠብቅ፣ እጠራሃለሁ” ሲል፣ እዚያው ማኮብኮቢያ ላይ የነበረው የአሜሪካው ፓን አም አውሮፕላን ደግሞ “ገና ማኮብኮቢያው ላይ ነን” ሲል ድምፃቸው ተደራረበ። ኬኤልኤም ዘንድ የደረሰው ፉጨት ነበር። ሁለቱ አውሮፕላኖች ተጋጩ፤ 583 ሰዎች አለቁ። ከዚያ ወዲህ “ቴክኦፍ” (መነሳት) የሚባለው ቃል የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ይነገራል፤ በሌላው ጊዜ ሁሉ “ዲፓርቸር” ነው።

ጥያቄ፦ ነዳጅ ሲያንስ “ሜይዴይ” ብሎ የአደጋ ጊዜ ጥሪ ማሰማት ማጋነን አይመስልም?

መልስ፦ እባካችሁ፣ እንደዚህ የምታስቡ ፓይለቶች ካላችሁ ይህን ሐሳብ ተዉት። በጥር 1990 እ.ኤ.አ. ወደ ኒውዮርክ የሚበር የአቪያንካ ቦይንግ 707 በአየር ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲጠብቅ ተደረገ። ፓይለቶቹ ነዳጅ እያለቀ መሆኑን ተናግረዋል፤ የአደጋ ጊዜ ጥሪ ግን አላሰሙም። ተቆጣጣሪውም እንደ ተራ ወረፋ አስተናገዳቸው። ከ158ቱ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 73ቱ ሞቱ። በዛሬው ደንብ “ሚኒመም ፊዩል” (ነዳጄ ለተጨማሪ መዘግየት አይበቃም) ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ ቅድሚያ አያሰጥም። በመጨረሻው መጠባበቂያ ነዳጅ ውስጥ ገብተህ እንደምታርፍ ስታውቅ “ሜይዴይ ፊዩል” በል።

ጥያቄ፦ ሬዲዮው ጭራሽ ቢበላሽስ?

መልስ፦ ትራንስፖንደሩ ላይ 7600 የሚለው የሬዲዮ ብልሽት ኮድ ይሞላል። የመቆጣጠሪያ ማማው ደግሞ በመብራት ይናገራል፤ ለሚበር አውሮፕላን የማይቋረጥ አረንጓዴ ማረፍ ተፈቅዷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ተማሪ ፓይለት ነኝ። ማይኩን ስይዝ ምላሴ ይተሳሰራል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አይዞሽ። መጀመሪያ አዳምጪ፤ የሌላውን ንግግር እንዳታቋርጪ። የምትዪውን በልብሽ ጨርሺ፤ ማንን እንደምትጠሪ፣ ማን እንደሆንሽ፣ የት እንዳለሽ፣ ምን እንደምትፈልጊ። ቁልፉን ተጭነሽ ትንፋሽ ያህል ጠብቂ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል። በደቂቃ ከ100 ቃላት አትብለጪ። ያልገባሽ ነገር ካለ “ሴይ አጌን” (ይደገም) በዪ። እኔ ማማ ላይ ሳለሁ ሦስቴ የሚጠይቀኝን ፓይለት፣ ገምቶ ከሚበረው አብልጬ አምነው ነበር።