«መቶ በመቶ ሳይሻልሽ አትመለሺ» ለተባልሽው እህት

እህቴ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) የምትሠሪ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ነሽ፤ በወገብሽ ምክንያት ሐኪም ለስድስት ወር ከ20 ፓውንድ በላይ ማንሳት ከልክሎሻል፤ ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍሉ) ደግሞ «ኤፍኤምኤልኤሽ (የሕክምና ዕረፍትሽ) አልቋል፣ መቶ በመቶ ሳይሻልሽ አትመለሺ፣ ብትለቂ ይሻላል» ብሎሻል። ከሁሉ በፊት የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዳትፈርሚ። «በፈቃዷ ለቀቀች» ከተባለ በኋላ ተገድጄ ነው ብሎ ማስረዳት መከራ ነው። ማሰናበት ከፈለጉ እነሱ ራሳቸው በጽሑፍ ያሰናብቱሽ።

1. ሁለቱን ሕጎች አታምታቺ። ኤፍኤምኤልኤ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ዕረፍት ነው፣ ያልቃል። የ1990ው ኤዲኤ (አካል ጉዳተኞችን ከመድልዎ የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ) ግን 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ድርጅት ሁሉ ይይዛል፤ 12ቱ ሳምንት ስላለቀ አይቆምም። ማንሳትና መጎንበስ፣ መገደባቸው እንደ አካል ጉዳት ከሚቆጠር ዋና ዋና ተግባራት መካከል ሆነው በ2008ቱ የኤዲኤ ማሻሻያ በስም ተጠቅሰዋል። የኢኢኦሲ (የሥራ መድልዎን የሚከታተለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) ማብራሪያ ደግሞ ለብዙ ወራት የሚቆይ የ20 ፓውንድ ገደብን ራሱ በምሳሌነት አስቀምጦታል፤ ያንቺው ጉዳይ ማለት ነው። በአኮሞዴሽን (አሠሪው በሚያደርገው የሥራ ማስተካከያ) መሥራት የሚችልን ሰው «ምንም ገደብ ሳይኖርብህ ተመለስ» ማለትም ኤዲኤን መጣስ ነው። ኤችአሮች ይህን አያውቁም ብዬ አላምንም፤ አንቺ አታውቂም ብለው ነው።

2. የሐኪሙ ወረቀት። ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «ላይት ዲውቲ» (ቀላል ሥራ) ብቻ የሚል ወረቀት ዋጋ የለውም፤ «እስኪሻላት ድረስ» የሚል ደግሞ ይጎዳሻል፣ ማብቂያ የሌለው ዕረፍት እንዲሰጥሽ ሕጉ አያስገድድምና። እንዲህ ብሎ ይጻፍልሽ፦ «ከ20 ፓውንድ በላይ አታነሳም፣ አትገፋም፣ አትጎትትም፤ ቆማ መሥራትና መራመድ ትችላለች፤ ገደቡ ለስድስት ወር ነው፤ ከዚያ ዳግም ትመረመራለች።» ሙሉ የሕክምና ታሪክሽን መስጠት የለብሽም። ወረቀቱንም ለቻርጅ ነርሷ (ለፈረቃው ኃላፊ ነርስ) ሳይሆን ለኤችአር ስጪ፤ ከሌላው ፋይልሽ ተለይቶ በምስጢር መቀመጥ አለበት።

3. ጥያቄሽን በኢሜይል ላኪ። በቃል መጠየቅም በሕግ ይበቃል፤ ግን በኋላ «አልጠየቀችም» ይሉሻል። «በኤዲኤ መሠረት አኮሞዴሽን እጠይቃለሁ» የምትል አንድ መስመር ጻፊና ወረቀቱን አያይዢ። ከግል ኢሜይልሽ ይሁን፤ የሥራው ኢሜይል የተሰናበትሽ ዕለት ይዘጋል። የነዋሪ ስም ወይም ቻርት ያለበትን ነገር ግን ወደ ግልሽ እንዳትልኪ፤ በሂፓ (የሕሙማንን ምስጢር የሚጠብቀው ሕግ) ጥሰት ማባረሪያ ሰበብ ትሰጫቸዋለሽ።

አሁን መራራውን ልንገርሽ። የሥራ መደብሽ መግለጫ «50 ፓውንድ ማንሳት» ይል ይሆናል፤ ለሲኤንኤ ማንሳት ዋና ሥራ ነው ሲሉ ፍርድ ቤቶች ብዙ ጊዜ ይቀበላሉ፣ አሠሪዎችም ዋና ሥራን የማስቀረት ግዴታ የለባቸውም። ሆየር ሊፍት (ታካሚ ማንሻ መሣሪያ) እና የሁለት ሰው እገዛ ጠይቂ፤ ናዮሽ (የሥራ ደኅንነትን የሚያጠናው የፌዴራል ተቋም) ራሱ በእጅ ለሚደረግ የታካሚ ማንሳት ያስቀመጠው ጣሪያ 35 ፓውንድ ነው። ያ ካልሆነ ወደ ክፍት ቦታ መዛወር የመጨረሻው አኮሞዴሽን ነውና በስሙ ጥቀሺው፦ ዩኒት ክለርክ (የክፍል ጸሐፊ)፣ የሺፍት መርሐ ግብር አውጪ፣ ሜዲካል ሬከርድስ (የሕክምና መዝገብ ክፍል)፣ አክቲቪቲስ (የነዋሪዎች መዝናኛ) ረዳት። ብቁ መሆን አለብሽ፤ አዲስ ቦታ እንዲፈጥሩ ወይም ሰው እንዲያስነሱልሽ አይገደዱም። ስለዚህ የድርጅቱን ክፍት የሥራ ማስታወቂያዎች ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪን ሾት አንሺ። በኋላ «ክፍት ቦታ አልነበረም» ማለታቸው አይቀርም።

ስለ ቀነ ገደቡ፦ ሜሪላንድ ውስጥ ለኢኢኦሲ ክስ ለማቅረብ 300 ቀን አለሽ፤ የሚቆጠረው ውሳኔው ከተነገረሽ ዕለት ነው። የዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) ግሪቫንስ፣ ማለትም ቅሬታ፣ ሰዓቱን አያቆመውም፤ «ዩኒየኑ ይዞልኛል» እያሉ የቀሩ አሉ። ኢንተርኔት ላይ ጥያቄ መሙላትና ቀጠሮ መያዝም ክስ አይደለም፤ ክስ የሚባለው ቻርጁ (የኢኢኦሲ የክስ ቅጽ) ላይ ስትፈርሚ ነው። ክፍያ የለውም። የመክሰስ መብት ደብዳቤ ሲመጣ ፍርድ ቤት ለመሄድ 90 ቀን ብቻ ነው፤ ጠበቃ ፍለጋውን ያኔ አትጀምሪ።

ገንዘብ ይዘው «ፈርሚና ውሰጂ» ካሉሽም ወረቀቱን ቤት ውሰጂው። 40 ዓመት ከሞላሽ የዕድሜ መድልዎ ክስሽን ለማስቀረት 21 ቀን ማሰቢያ፣ ከፈረምሽ በኋላም 7 ቀን መሻሪያ ሊሰጡሽ ይገደዳሉ። ካልሞላሽ ሕጉ ይህን ጊዜ አይሰጥሽም፤ ሳትፈርሚ ጠበቃ ይየው።