የአንባቢ ጥያቄ፦ ባለ ተርቦው ሱባሩ ወይስ ትንሿ ስዊፍት?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው ካዛንቺስ ነው፣ 28 ዓመቴ ነው፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በልጅነቴ ፕሌይስቴሽን ላይ ስነዳው የኖርኩት የጃፓን ፈጣን መኪና አንድ ቀን የእውነት ይኖረኛል እያልኩ ብር ሳጠራቅም ቆየሁ። አሁን 2 ሚሊዮን ብር አለኝ፣ ከዚያ በላይ አንድ ሳንቲም የለኝም። ደላላ ሁለት መኪና አሳየኝ። አንዱ የ2003 ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብልዩአርኤክስ ነው፣ ባለ ተርቦ። ባለቤቱ ‹ትንሽ የሞተር ሥራ ይፈልጋል› ይላል፣ ዋጋው ልክ ያለኝን ያህል ነው። ሁለተኛው የ2008 ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት ነው፣ 1.6 ማንዋል፣ ከሱባሩው 400 ሺህ ይቀንሳል። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ሁለቱንም ተዋቸው፣ ከዱባይ እናስመጣልህ› ይለኛል። ምን ይሉኛል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከጓደኛህ ልጀምር፣ የያዘው ወሬ አርጅቷል። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ከዚያ በፊትም ቢሆን በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ላይ የጫነው ቀረጥ መኪናው ከተገዛበት ዋጋ በላይ ነበር። ስለዚህ የምትመርጠው እዚሁ ካለው ነው። እዚሁ ያለው ደግሞ ሦስት አራት ባለቤት ያየ፣ ከጋራዥ ጋራዥ የዞረ ነው።

ወደ ሱባሩው እንምጣ። «ትንሽ የሞተር ሥራ» ማለት ምን ማለት ነው? ትንሽ ከሆነ ባለቤቱ ለምን አሠርቶ፣ ዋጋውን ከፍ አድርጎ አይሸጠውም? ይህን ደላላ ፊት በጠየቅሁ ቁጥር የማገኘው መልስ ያው አንድ ነው፤ «ጊዜ አጥቶ ነው»።

የዚህ መኪና ሞተር ኢጄ20 ይባላል። ፒስተኖቹ እንደሌላው መኪና ቆመው ሳይሆን ግራና ቀኝ ተጋድመው ነው የሚሠሩት። ቴስታታው፣ ማለት የሞተሩ ክዳን፣ ሁለት ነው፣ ሁሉ ሥራ እጥፍ ነው። ካንዴላ ለመቀየር እንኳ መካኒኩ ሞተሩና የመኪናው ጎን መሃል ባለች ጠባብ ክፍተት እጁን አጣሞ ነው የሚያስገባው። ቫልቩንና ፒስተኑን በልክ የሚያናብበው የታይሚንግ ቺንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ መቀየር አለበት፤ ከተበጠሰ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ፣ አለቀ። ዘይት ጎድሎበት ከተነዳ ደግሞ ብሮንዚናው፣ ማለት የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ስስ ብረት፣ ይበላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ትንሽ ነዳጅ ስጠውና ከሥር «ኳ ኳ ኳ» የሚል ድምፅ እንዳለ አዳምጥ። ከሰማህ ቁልፉን መልስና ሻይ ጋብዘህ ተለያዩ። ያ ማለት ሞተር ወርዶ ሙሉ በሙሉ ይፈታል ማለት ነው፣ አንተ ደግሞ መኪናውን ስትገዛ ኪስህ ባዶ ሆኗል።

«ጉልበቱስ?» ትለኛለህ። ለጃፓን ገበያ የተሠራው 250 የፈረስ ጉልበት አለው፣ አልክድም። ግን የምትነዳው አዲስ አበባ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ገና ከመነሳቱ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል። ተርቦ አየሩን በግድ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ያካክሳል፤ የተርቦ ወዳጆች የሚሉት እውነት ነው። የማይነግሩህ ግን ተርቦው ይህን ለማድረግ ከወትሮው ፈጥኖ መሽከርከር እንዳለበት፣ የበለጠ እንደሚግልና ለመነሳትም እንደሚዘገይ ነው። እስኪነሳ ድረስ የያዝከው 1,400 ኪሎ የሚጠጋ መኪና የሚጎትት፣ ኮምፕሬሽኑ ዝቅ ያለ ተራ 2.0 ሞተር ነው።

አንድ ወዳጄ እንዲህ ያለ ኢምፕሬዛ ነበረው። አንድ ማታ በሥራ መውጫ ሰዓት ከስታዲየም ሜክሲኮ ይዞኝ ሄደ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ፍሬን፣ አንደኛ። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ከባድ ስለነበር ግራ እግሩን በየመብራቱ ያሸው ነበር። ተርቦው አንዴ እንኳ ሳይተነፍስ ደረስን። ከጎናችን ሚኒባስ አልፎን ሄደ።

ነዳጁም አለ። ጃፓን ውስጥ ቤንዚን ሁለት ዓይነት ነው፤ ተራው በደረጃቸው ከ89 ኦክቴን (ቤንዚኑ ያለጊዜው ፈንድቶ ሞተር እንዳያንኳኳ የሚቋቋምበት መለኪያ) አያንስም፣ «ሃይኦክ» የሚሉት ደግሞ ከ96 አያንስም። ደብልዩአርኤክስ የተሠራው ለሁለተኛው ነው። እኛ ማደያ «የትኛውን ልቅዳልህ?» ብሎ የጠየቀህ ሰው አለ? እርግጥ ስዊፍት ስፖርትም ሃይኦክ ነው የሚፈልገው፣ ግን ተርቦ ስለሌለው ስሱ አየር እዚህ ላይ ይጠቅመዋል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ደከም ባለ ቤንዚንም ሳይንኳኳ ይሠራል። ባለ ተርቦው ግፊቱን ራሱ ስለሚፈጥር ይህ ምሕረት የለውም።

ስለዚህ እኔ ስዊፍቷን ነው የምልህ። 125 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷ ወደ 1,060 ኪሎ፣ አራቱም ጎማ የዲስክ ፍሬን፣ ታይሚንጓ በቺንጋ ሳይሆን በሰንሰለት። እዚህ ከፍታ ላይ 125ቱ ወደ 95 ይወርዳል፣ አትደንግጥ፣ የሁሉም ይወርዳል። ከተማውን የሞላው ባለ 1.0 ቪትዝ 71 ይዞ መጥቶ ሃምሳ ምናምን ነው የሚቀረው። ቀላል መኪና ላይ ያለ ትንሽ ጉልበት መንገድ ላይ ይሰማሃል፣ ከባድ መኪና ላይ ያለ ትልቅ ጉልበት ግን ለኛ መንገድ ወረቀት ላይ የሚቀር ቁጥር ነው። ለዕቃውም አትስጋ። ሶማሌ ተራ ገብተህ «የስዊፍት ስፖርት» ካልክ ባለሱቁ ጣሪያ ያያል። «ኤም16ኤ፣ የቪታራው» በል። ሞተሩ ግራንድ ቪታራ 1.6 እና ኤስኤክስ4 ላይ የገባው ቤተሰብ ነው፣ ሁሉም ነገር ባይገጥምም ብዙው ይገኛል።

የሚተርፍህ 400 ሺህ ለቸርኬና ለስቲከር አይደለም! መጀመሪያ ጎማ፣ ከዚያ የፍሬን ሸራና ዘይቱ፣ ከዚያ ሾክ አብዞርበር። የተረፈ ካለ አስቀምጠው፣ ፍሪሲዮኑ በስድስት ወር ውስጥ ይጠይቅሃል።

አንድ ነገር ግን ሳታይ እንዳትፈርም፤ መሪውን። አገራችን ከ1956 ዓ.ም ጀምሮ በመንገዱ ቀኝ በኩል ነው የምትነዳው፣ የጃፓን መኪና ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። ስዊፍት ስፖርት ለአውሮፓም በግራ መሪ ተሠርቶ ነበር፣ ያን ካገኘህ ተገላገልክ። ከጃፓን የመጣ ከሆነ ግን አንድ ቦታ መሪው ተነቅሎ ወደ ግራ ዞሯል። እንዴት ታውቃለህ? ውሃ ረጭተህ መጥረጊያውን አስነሳ፤ ሳይጠረግ የሚቀረው ማዕዘን አንተ ፊት ለፊት፣ በግራ በኩል ከሆነ ዞሯል። ፍሬቻ አሳያለሁ ስትል መጥረጊያ ከተነሳ ዞሯል። የኮፈኑ መክፈቻም ብዙ ጊዜ ተሳፋሪው እግር ሥር ይቀራል። የዞረ ሁሉ መጥፎ አይደለም፣ ለገበያ የሚሄድ ቪትዝ ላይ ብዙም አልጨነቅም። ፈጣን መኪና ላይ ግን የፍሬኑ ነገር ያስፈራኛል። አንዳንዱ የፍሬን ፓምፑን እዚያው በቀኝ ትቶ ፔዳሉን በብረት ዘንግ ነው የሚያገናኘው። ቆመህ ፔዳሉን በሙሉ ኃይልህ ሦስት ጊዜ እርገጥ። ከሰመጠ፣ ከላላ ወይም ከዳሽቦርዱ ጀርባ «ጠቅ» ካለ ተወው፣ ስንት ቢቀንስልህም።

ከዚያ ከአራት ኪሎ በስድስት ኪሎ አድርገህ፣ ሽሮሜዳን አልፈህ እንጦጦ ድረስ ንዳት። ስትወጣ የሙቀት መለኪያውን እይ፣ ስትወርድ ፍሬኑን ሽተት። ሻጩ «ወደ ቦሌ እንሂድ፣ መንገዱ ጥሩ ነው» ካለህ እንጦጦ መሄድህን አጥብቀህ ያዝ።

ጥያቄ፦ «አንድ ቪትዝ አርኤስ አግኝቻለሁ፣ በጣም ቆንጆ ነው፣ ክንፍም አለው። ጉልበት አለው ይባላል። እውነት ነው?»

መልስ፦ እውነተኛ አርኤስ ከሆነ አዎ፣ እኔም የምወደው መኪና ነው። ከ2005 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. የተሠራው ባለ 1.5 ሞተር ነው፣ ወደ 110 የፈረስ ጉልበት፣ ዋን ኤንዜድ የምንለው ያው የኮሮላው ሞተር ስለሆነ ዕቃው በየሱቁ አለ። ጃፓኖች ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቪትዝ ብቻ የሚሳተፍበት ውድድር ያካሂዱ ነበር፣ ስለዚህ «ቪትዝ ደግሞ ምን ይሮጣል» የሚልህን አትስማው።

ችግሩ አርኤስ የሚለው ፊደል በጥቂት ብር ተገዝቶ የሚለጠፍ መሆኑ ነው። ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ «አርኤስ» ገዛሁ፤ ክንፍ አለው፣ ቀይ ፊደል አለው፣ ሻጩም ምሎልኛል። ሽሮሜዳ ዳገት ላይ ሲያለቅስ «ካንዴላው ይሆናል» ብዬ ጋራዥ ወሰድኩት። ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ ካንዴላዎቹን እየፈታ ጨርቅ ላይ ደረደራቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጠበቅሁ። «ጋሼ፣ ሦስት ብቻ ነው» አለኝ ቀና ብሎ፣ «ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው፣ አያውቁም?»። ሳቁን ለመያዝ የታገለው ትግል እስከዛሬ ይታየኛል።

ኮፈኑ ሥር ወይም የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ያለችውን የብረት ሰሌዳ አንብብ። አርኤሱ ኤንሲፒ91 ብሎ ይጀምራል። ኬኤስፒ90 ካለ የኔ ዓይነት ባለ 1.0 ነው፣ ኤስሲፒ90 ካለ 1.3 ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ደግሞ ከሊብሬው ጋር በዓይንህ አመሳክር። ሞተር ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ስም ስታዛውር ጣጣው ያንተ ነው።

ጥያቄ፦ «የአባቴ የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ አለች፣ ቆማለች። ሸጬ ዘመናዊ ነገር ብገዛስ?»

መልስ፦ አትሽጣት። ጃፓኖች የሚያብዱለት ኤኢ86 የሚባለው ኮሮላ የተሠራው ከዲኤክስ በወረሰው ወለል ላይ ነው፤ እሷም እንደሱ በኋላ ጎማ ነው የምትነዳው። ሻንሲዋ ካልዛገ ፍሬኗን አድስ፣ ካርቡረተሯን አስጠርግ፣ እሑድ ጠዋት መንገዱ ባዶ ሲሆን አውጣት።

ጥያቄ፦ «ወንድሜ፣ የፒያሳ ሰው ነኝ። ለ24 ዓመት ልጄ መኪና ልንገዛ ነው። እሱ የሚሮጥ የጃፓን መኪና ይላል፣ እኔ ኤሌክትሪክ ይሁን እላለሁ። ‹ኤሌክትሪክ ምን ይሮጣል› ብሎ ይስቅብኛል። ማናችን ነን ልክ?»

መልስ፦ እትዬ፣ ሁለታችሁም። የጃፓን ኤሌክትሪክ መኪና አለ፣ ኒሳን ሊፍ። ሞተሩ አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው ምንም አይቀንስበትም፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ያለው ጉልበት አዋሽ ላይ ያለው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሊፎች 280 ኒውተን ሜትር የመጎተት ኃይል አላቸው፣ ከላይ ያወራንላት ስዊፍት 148 ነው ያላት። ልጅዎ አንድ ጊዜ ከመብራት ላይ ያስነሳው፣ ከዚያ ይሳቅ። ከባድ ስለሆነ ግን ኩርባ ላይ እንደ ስዊፍት አይታጠፍም፣ እዚህ ላይ ልጅዎ ልክ ነው።

እርስዎ የሚያዩት ባትሪውን ነው። ሊፍ ባትሪውን የሚያቀዘቅዝበት የራሱ ዘዴ ስለሌለው በሙቀትና በዕድሜ ይደክማል። ፈጣን ቻርጅ የሚገባበት ሶኬቱም ከቻይኖቹ የተለየ ስለሆነ በዋናነት ቤትዎ እንደሚሞላ ያስቡት። ዳሽቦርዱ ላይ በቻርጅ መጠኑ በስተቀኝ ጫፍ 12 ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ አንዱ ከጠፋ ባትሪው 15 በመቶ ያህል አቅሙን አጥቷል ማለት ነው። 9 ብቻ ከቆጠሩ ዋጋውን አይጠይቁ። 12ቱም በርተው ካገኟቸው ደግሞ ገና አይደሰቱ፣ መስመሮቹን በኮምፒዩተር መልሶ የሚያበራ ሰው አለ። ልጅዎ ሊፍ ስፓይ የሚባለውን መተግበሪያ ስልኩ ላይ ጭኖ፣ መኪናው ላይ የሚሰካዋን ትንሽ ዕቃ ይዞ ይሂድ፣ ትክክለኛውን ቁጥር እዚያው ያነብልዎታል።